ካምቢዮው ነው!

የወረታ ሰው በብዙ ነገር አይስማማም። ዘንድሮ የርብ ወንዝ ይሞላል ወይስ አይሞላም፣ የሩዝ ዋጋ ከታኅሣሥ በኋላ ይወርዳል ወይስ ይወጣል፣ የድሮዋ የፎገራ ላም በአንድ ጥዋት ስንት ትታለብ ነበር፤ በነዚህ ሁሉ ከአቦል እስከ በረካ ሲከራከር ይውላል። አንዲት ባጃጅ መሀል መንገድ ላይ ስትቆም ግን ክርክር የሚባል ነገር የለም። ሰው ገና ከሩቅ እየመጣ፣ ሞተሩን ሳያይ፣ ሹፌሩን ሳይጠይቅ፣ አንዳንዱም ባጃጇ የቆመችው ሰው ለማውረድ ይሁን አይሁን ሳያጣራ ፍርዱን ይሰጣል፦ «ካምቢዮው ነው!»

ይህ እንግዲህ ያለ ምክንያት አልመጣም። ወረታ መገንጠያ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲሄዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩት የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው እዚሁ ነው። መገንጠያ ከተማ ውስጥ ሁልጊዜ መኪና የሚጠብቅ ሰው አለ። ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው ሚኒባስ እስኪሞላ ይጠብቃል፤ ከጎንደር የሚመጣው እስኪደርስ ይጠብቃል። የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ሙያው ምንም ይሁን ምን ለጊዜው መካኒክ ነው።

ሥራም አያጣም። ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ወደ ገጠር ቀበሌዎቹ የሚገባው መንገድ ዋልካ ነው። ያ ጥቁር አፈር በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት ጫማ ከእግር ያወልቃል። ውሃ ይዞ ስለሚያቆይ ሩዝ ይወደዋል። ሩዝ በዚህ በፎገራ ሜዳ የተስፋፋው በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጥተው በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት ካስጀመሩት ወዲህ ነው። ዛሬ ወረታ የሩዝ ብሔራዊ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አላት። ለሩዙ ማዕከል ተቋቋመለት እንግዲህ፤ ሩዙን ከጭቃ ለምታወጣው ባጃጅ ግን እስካሁን ድረስ ተመራማሪው መንገደኛው ብቻ ነው።

በሌላው ዓለም እንዲህ ላለ መሬት ተብሎ የሚሠራ ተሽከርካሪ አለ። አራት ወፋፍራም ጎማ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ሆድ፣ ብዙዎቹም በጭቃ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚጎትት ማርሽ አላቸው። የኛዋ ባጃጅ ሦስት ትንንሽ ጎማ፣ 200 ሲሲ ገደማ ሞተርና የሦስት ተሳፋሪ መቀመጫ ናት። የጎደላትን በጭነት ሞላንላት። ከኋላ ሦስቱ ከነልጆቻቸው ይቀመጣሉ፤ ከሹፌሩ ግራና ቀኝ ሁለት ሰው በአንድ ጎኑ ይንጠለጠላል፤ ከመቀመጫው ጀርባ ኩንታል ሩዝ፣ ከእግር ሥር እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች፣ ከጣሪያው ላይ የአልጋ ቋሚ። ሹፌሩ ራሱ የሚቀመጥበት ቦታ አጥቶ አንድ ዳሌውን ወደ ውጭ አውጥቶ ነው የሚነዳው። በዚህ ሁኔታ የጉማራን ወንዝ ተሻግራ አንድ ዳገት ላይ ስትለግም «ምን ነካት?» ይባላል።

የዘር ሐረጓን ላየ ሰው ጭራሽ የከተማ ልጅ ናት። አያቷ በ1946 እ.ኤ.አ. ጣሊያን አገር የወጣችው ባለ ሁለት ጎማዋ ቬስፓ ናት። ንድፏን የሠራው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ነበር። የፈለገው ሰው ሱፉን እንደ ለበሰ፣ ጫማው ዘይት ሳይነካው ሥራው እንዲገባ ነው። ስለዚህ ሞተሩን ሸፈነው፤ ማርሹንም ከእግር አንሥቶ በግራ እጅ መያዣው ላይ አደረገው። ባለ ሦስት ጎማዋ አፔ በ1948 እ.ኤ.አ. ተከተለች። ቀጥሎ ሕንዶቹ ከጣሊያኖቹ ፈቃድ ወስደው በአገራቸው ይሠሯት ጀመር፤ ለእኛም የደረሰችው በዚያ በኩል ነው። ጫማ እንዳይቆሽሽ ተብሎ የታሰበውን ማርሽ ዛሬ የፎገራ ልጅ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ይጠመዝዘዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ ነው እንዳይታመን ያደረገው። ሹፌሩ በግራ እጁ ፍሪሲዮኑን ይጨብጣል፤ መያዣውን ይጠመዝዛል፤ አንደኛ፣ ፎሌ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ እያለ ይሄዳል። ማርሾቹ ያሉበት ካምቢዮ ግን እጁ ሥር አይደለም፤ ከኋላ፣ ከሞተሩ ጋር አንድ ላይ ታሽጎ ዘይት ውስጥ ተቀምጧል። በእጁና በካምቢዮው መካከል ያሉት በሽፋን ውስጥ የሚያልፉ ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው፤ አንዱ ለፍሪሲዮኑ፣ ሌሎቹ ለማርሹ። እነዚህ ሽቦዎች ከመሪው ተነሥተው በወለሉ ሥር አድርገው ኋላ ይደርሳሉ። ወለሉ ሥር ያለው ምንድን ነው? ዋልካ ነው። ዝናብ ሽፋኑ ውስጥ ይገባል፣ ጭቃው ይደርቅበታል፣ ሽቦው ይዝጋል፣ ይረዝማል፣ ጫፉ አንድ በአንድ ይበጠሳል። ያን ጊዜ እጅ «ሁለተኛ» ሲል ካምቢዮው የሚሰማው አንድ ተኩል ነው። አንድ ተኩል የሚባል ማርሽ ደግሞ ሕንዶቹ አልሠሩም።

አንድ የሐምሌ ከሰዓት መገንጠያው አጠገብ ያየሁት ይህንኑ ነው። ሹፌሩ ጺሙ በቅጡ ያልወጣ ልጅ ነው። ፍሪሲዮኑን ይጨብጣል፣ ወደ ሁለተኛ ይጠመዝዛል፣ ከኋላ «ክርርርር!» የሚል ድምፅ ይመጣል። አንድ ጀሪካን የተሸከመ ሰው ሳይቆም «ካምቢዮው ነው» ብሎ አለፈ። ከሱ በኋላ የመጡት ግን ቆሙ።

መጀመሪያ የደረሱት በጡረታ ላይ ያሉ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። «እኛ በኤንትሬ ጊዜ ማርሽ የምናስገባው በጆሮ ነበር» አሉ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው። «ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ እየረገጥን፣ መሀል ላይ ነዳጅ እየሰጠን። የዛሬ ልጅ ማርሽ ያስገባል እንዴ? ይደፍቃል እንጂ!»

«አያ፣ ይሄ እኮ በእጅ ነው» አለ ልጁ።

«በእጅም ቢሆን ሁለት ጊዜ ጨብጠዋ!»

ልጁ ሁለት ጊዜ ጨበጠው። ሁለት ጊዜ ክርርር አለ። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁና «አልኩህ፤ ካምቢዮው ነው» አሉ።

ቀጥሎ መነጽር ያደረገ ወጣት ስልኩን አውጥቶ የጥገና ቪዲዮ ከፈተ። ቪዲዮው በሂንዲ ነው። ሕንዳዊው ሲናገር ሁላችንም በጥሞና አዳመጥነው፤ አንድ ቃል የገባው ሰው ግን አልነበረም። ሰውየው ሞተሩን አውርዶ ብሎኑን ሁሉ ጨርቅ ላይ ዘረገፈው። «አያችሁ? ሞተር ይወርዳል» አለ ባለ መነጽሩ። ሕንዳዊው ሲፈታ የነበረው የቱን በሽታ ለማከም እንደሆነ የጠየቀ የለም። በዚህ መሀል የባጃጇ ባለቤት በስልክ ተጠየቁ። ስልኩ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ሆኖ ነበርና ሁላችንም ሰማናቸው፦ «ትናንት ያመሰገናት ማነው?»

ከሁሉ የሚገርመኝ ከኋላ ወንበር ሳይወርዱ የቀሩት እናት ናቸው። ቅርጫታቸውን እንዳቀፉ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው፣ ከግራ መያዣው ሥር ጭቃ ለብሳ ወደ ታች የረገበችውን የፍሪሲዮን ሽቦ በጣታቸው እያሳዩ «ልጄ፣ ይቺ እንዲህ መላላት አለባት?» ሲሉ ጠየቁ።

«እሷ ምንም አይደለችም እናቴ» አላቸው ሹፌሩ። አዛውንቱም ባለ መነጽሩም በዚህ ተስማሙ።

ካምቢዮ ለምን እንዲህ እንደሚወደድ ቆይቼ ነው የገባኝ። ለሁሉም ይመቻል። ለሹፌሩ ካምቢዮ ከሆነ ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ የዕድሜ ነው፣ የፋብሪካ ነው፣ የእግዜር ነው። ለባለቤቱ ካምቢዮ የክብር በሽታ ነው፤ «ባጃጄ ካምቢዮ አስፈታች» ሲል ጎረቤት «አይዞህ» ይለዋል፤ «ሽቦ ላላባት» ቢል ማን አይዞህ ይለዋል? ለመካኒኩ የካምቢዮ ሒሳብና የሽቦ ሒሳብ ለየቅል ነው። ለተመልካቹም ካምቢዮ ታሽጎ ስለሚኖር ማንም አይቶ «ተሳስተሃል» ሊለው አይችልም። ሽቦ ግን ሁሉንም ያሳፍራል። ሹፌሩ ዘይት ጠብ አላደረገላትም፤ ባለቤቱ «ክረምቱ ይለፍና እንቀይራታለን» ብሏል፤ መካኒኩ በርሷ ምሳ አይበላም፤ ተመልካቹም ዓይኑ ሥር እያለች አላያትም።

እናም ሞተር ይወርዳል። በአንድ ጋራዥ በር ላይ እንዲህ የወረደ ሞተር አይቻለሁ። ማዳበሪያ ጆንያ ተነጥፎ፣ ጥርሶቹ፣ ኩሽኔታዎቹ፣ ቀለበቶቹ እንደ ድግስ ዕቃ ተደርድረው ውለው፣ ወደ ማታ ተመልሰው ገቡ። ሲያልቅ ሁለት ብሎንና አንዲት ቀጭን ሮንዴላ ጆንያው ላይ ተረፉ። «እነዚህስ?» ሲባል መካኒኩ ሳያፍር «ፋብሪካው ሲገጥም ያበዛል» አለና ኪሱ ከተታቸው። ባጃጇ ስትነሣ ማርሹ ያው ክርርር ነው። «አሁን ይለምዳል፤ አዲስ ስለሆነ ነው» ተባለ። እስከ ማግስቱ አለመደም።

የሚያውቅ ልጅ ሲመጣ የሚያደርገው ትንሽና አሰልቺ ነገር ስለሆነ ተመልካቹ ይበተናል። መጀመሪያ ሞተሩን ያጠፋል። ባጃጇን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በጥቂቱ እየገፋ ማርሹን ያስገባል። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሹ በሰላም እየገባ፣ ሲነሣ ግን የሚጮኽ ከሆነ ካምቢዮው ንጹሕ ነው፤ ጥፋተኛው ሞተሩን ከማርሹ በቅጡ ያላላቀቀው ፍሪሲዮን ነው። ቀጥሎ የፍሪሲዮኑን መጨበጫ በአንድ ጣቱ ይነካካዋል። ሽቦው ሳይሳብ ጥቂት ሚሊሜትር መጫወት አለበት። ከዚያ በላይ ከተጫወተ ሽቦው ረግቧል፤ ተጨብጦም አያላቅቅም፤ ማርሹ ይጮኻል። ጭራሽ ካልተጫወተ ደግሞ ተወጥሯል፤ ሳይጨበጥም እንደ ተጨበጠ ነው፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ባጃጇ አትሄድም፤ ቆይቶ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። መድኃኒቱ ሽቦው ጫፍ ላይ ያለችውን ማስተካከያ በመፍቻ ወዲህና ወዲያ ማዞር ነው።

ፍሪሲዮኑ ደህና ከሆነ ወደ ማርሹ ሽቦዎች ያልፋል። ከካምቢዮው ጫፍ ነቅሎ ማርሽ የምትቀይረዋን ክንድ በእጁ ያንቀሳቅሳታል። ማርሾቹ ሁሉ ተራ በተራ ጠቅ ጠቅ እያሉ ከገቡ ካምቢዮው አሁንም ንጹሕ ነው፤ የታመመው መንገዱ ነው፤ ሽቦው ይቀየራል ወይ ይስተካከላል። የመያዣው ቁጥር ሁለተኛን እያሳየ ማርሹ ፎሌ ላይ ከተቀመጠም ያው የሽቦ ነገር ነው። ከዚህ በኋላ ዘይቱን ያያል። ባለ አራት ምቷ ባጃጅ ሞተሩንም ማርሹንም ፍሪሲዮኑንም የምታጠጣው በአንድ ዘይት ነው። የኛ ሰው «ዘይት ሁሉ ዘይት ነው» ብሎ ከመኪና የተረፈ ሲቀዳላት፣ መኪና እንዲለሰልስ የተጨመረበት ነገር የፍሪሲዮኑን ሸራ ያንሸራትተዋል። ያን ጊዜም «ካምቢዮው ነው» ይባላል። ይህ ሁሉ ታይቶ ማርሹ ገብቶ የሚተፋ ከሆነ፣ አሁን በእውነት የውስጥ ጥርስ ተበልቶ ሊሆን ይችላልና ሞተሩ ይውረድ። በዚህ ሰዓት ግን «ካምቢዮው ነው» የሚል ሰው አካባቢው ላይ የለም፤ ሚኒባሱ ሞልቶ ሄዷል።

ሹፌሮቻችንም ቢሆኑ ለካምቢዮው የሚያዝኑት በአፍ ነው። ጭቃ ውስጥ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ጨብጠው፣ ሞተሩን እያስጮኹ፣ ሸራው እስኪሸት ይቆያሉ። ተሳፋሪ እየጠበቁ አንደኛ ማርሽ አስገብተው፣ ፍሪሲዮኑን እንደ ጨበጡ የሠፈሩን ወሬ ጀምረው ይጨርሳሉ። ባጃጇ ወደ ፊት ገና እየሄደች የኋላውን ማርሽ የሚስብ አለ። ዳገት ላይ አንደኛ ማስገባትን እንደ ውርደት የሚቆጥርም አለ፤ ሰው ቆሞ ሲያየው በሦስተኛ ይወጣታል፤ ትዳክራለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ዶሮዎቹ ይንጫጫሉ፣ እሱ ግን ከሦስተኛ አይወርድም። ስትቆም ወርዶ ጎማዋን በእግሩ ይመታታል።

ከሁሉ የሚብሰው የቁልቁለቱ ነው። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ። በዚያ መንገድ ከአለም በር በኩል ቁልቁል ሲመጣ፣ ቤንዚን ለመቆጠብ ፎሌ አድርጎ ሞተሩን የሚያጠፋ ጀግና አለ። ማርሽ ውስጥ ብትሆን ሞተሩ ራሱ ይይዛት ነበር፤ አሁን የያዛት ፍሬን ብቻ ነው፤ ፍሬኑም ሲግል ይሟሽሻል። የተቆጠበው ቤንዚን በሲኒ ቢለካ ሲኒው አይሞላም። ታች ሲደርስ ሞተሩን ለማስነሣት በሩጫ ላይ ሁለተኛ ማርሽ ይከታል፤ «ክርርር» ትላለች። የዚህን መጨረሻ መቼም አንባቢ ያውቀዋል።

በነገራችን ላይ በዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የሚባለውን መድፍ አስቀልጠዋል። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው መድፍ በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ የተጎተተው በሰው ጉልበት ነው፤ መንገዱ እየተጠረገ፣ ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ እያነሡ። ማርሽ የለው፣ ፍሪሲዮን የለው። ጭቃ ሲይዘው የሚመረመር ነገር ስላልነበረ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ገመዱን መሳብ ብቻ ነበር። ደረሰም።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ ወደዚያው ሊመለስ ነው መሰለኝ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ ወሬ በረታ፤ ባለ ሦስት ጎማዎቹም በኤሌክትሪክ መጡ። ከነዚህ አብዛኞቹ የሚጨበጥ ፍሪሲዮን የላቸውም፤ የሚጠመዘዝ ማርሽ የላቸውም፤ ነዳጅ እንደ መስጠት ታደርገዋለህ፣ ትሄዳለህ። ከነዚህ አንዷ መንገድ ዳር ቆማ ሳለ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ያንኑ ፍርድ ሰጠ። ሹፌሩ ደስ ብሎት «ወንድሜ፣ ይቺ ካምቢዮ የላትም» አለው። ሰውየው ትንሽ አሰበና «ታዲያ ካምቢዮ ሳይኖራት እንዴት ትሂድልህ?» አለ። ባትሪዋ አልቆ ነበር።

የነዳጆቹ ግን ገና ብዙ ክረምት አብረውን ናቸው፤ ስለዚህ ለባለ ንብረቶቹ አንድ ነገር ልበል። ሰኔ ሳይገባ የፍሪሲዮኑንና የማርሹን ሽቦዎች አስፈትሹ፤ የዛገውን ቀይሩ፤ ሽፋኑ ውስጥ ዘይት ጠብ አድርጉ፤ አንድ ትርፍ ሽቦና አንድ ፒንሳ ከመቀመጫው ሥር ይኑር። ሹፌሮችም ከኋላ የተቀመጡ እናት ጣታቸውን ወደ አንድ ነገር ሲቀስሩ ዞር ብላችሁ እዩ። እኛ መንገደኞች ደግሞ የቆመች ባጃጅ ስናይ ምርመራውን ለባለሙያው ትተን እጅጌያችንን እንሰብስብና ከኋላ እንግፋ፤ ዋልካው ላይ ሰባት ሐኪም ከሚቆምላት ሁለት ገፊ ይሻላታል።